«ሜበል» ስለሚባለው የጀርመንኛ ቃል አመጣጥና ትርጓሜ

ጀርመኖች የቤታቸውን ዕቃ በሁለት ስም ይጠሩታል። ሰው ጠረጴዛና ወንበር፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሊገዛ ወደ ሱቅ ሲሄድ የሚገዛውን ነገር «ሜበል» ይለዋል። ቤቱ በእሳት ቢቃጠልና ካሣ ሊጠይቅ ወደ መድን ድርጅት ቢሄድ ግን ያው ጠረጴዛና ያው አልጋ «ሃውስራት» በሚለው ስም ይቈጠርለታል። አንዱ ስም ከውጭ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው የአገሩ ተወላጅ ነው። አንዱ ዕቃው የሚንቀሳቀስ መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው ዕቃው ለቤቱ የተሰናዳ መሆኑን ይናገራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህ ሁለት ስሞች ከየት እንደ መጡና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ምን እንደሚያስረዱ ነው። የነገሩን ፍሬ አስቀድመን ብንናገር፣ «ሜበል» የሚለው ቃል በመነሻው የአናጢ ቃል ሳይሆን የዳኛ ቃል ነበረ። የወጣውም ዕቃው እንዴት እንደ ተሠራ ለማስረዳት ሳይሆን፣ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲያገባ ወይም አገር ሲለቅ ዕቃው ከማን ጋር እንደሚሄድ ለመወሰን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ፣ ስለ ኢትዮጵያ ከተነገረው በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ፤ ስለ ቃሎቹ ድምፅና ወሰን

«ሜበል» በጀርመንኛ ሲነገር የመጀመሪያው አናባቢ ከንፈርን አሞጥሙጦ «ኤ» እንደ ማለት ያለ ነው፤ ፊደላችን ለዚህ ድምፅ የተለየ ምልክት ስለሌለው በ«ሜ» ጽፈነዋል። ጀርመኖች ቃሉን የወሰዱበት የፈረንሳይኛው ቃል ደግሞ በፊደላችን ሲጻፍ «መብል» ይሆናል። «ሃውስራት» የተባለውም የሁለት ቃሎች ጥምር ሲሆን፣ «ሃውስ» ቤት ማለት ነው፤ «ራት» የሚለውን ከዚህ በታች እንፈታዋለን። እንግዲህ ሁለቱ የባዕድ ቃሎች «መብል»ና «ራት» ከእኛ መብልና ከእኛ ራት ጋር በድምፅ ይገጥማሉ፤ ነገር ግን አንዳች ዝምድና የላቸውም። የቃልን ምንጭ በድምፅ መመሳሰል ብቻ የሚፈልግ ሰው ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ለተማሪዎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

የሁለቱ ቃሎች ወሰንም አንድ አይደለም። «ሜበል» የሚባሉት በቤት ውስጥ የሚቆሙት ትልልቆቹ ዕቃዎች ናቸው፤ ይኸውም ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ድስትና ሰሐን፣ አንሶላና ብርድ ልብስ «ሜበል» አይባሉም። «ሃውስራት» ግን ከአልጋው እስከ ማንኪያው ድረስ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ስለዚህ ሜበል ሁሉ ሃውስራት ነው፤ ሃውስራት ሁሉ ግን ሜበል አይደለም።

ለ፤ የጥንቱ ስም

ዛሬ በጀርመንኛ «ራት» ማለት ምክር ማለት ነው፤ የከተማው አስተዳደር የሚቀመጥበትም ቤት «ራትሃውስ»፣ ማለት የምክር ቤት፣ ይባላል። በቀድሞው ጀርመንኛ ግን ቃሉ ሌላም ትርጓሜ ነበረው፤ ይኸውም ለኑሮ የሚያስፈልገውን አስቦ ማሰናዳት፣ እንደዚሁም የተሰናዳው ነገር ራሱ ነው። ማሰብና ማሰናዳት በአንድ ቃል ተይዘው ነበር ማለት ነው።

ይህ የቀድሞ ትርጓሜ ለብቻው ቢጠፋም በሌሎች ቃሎች ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል። «ፎራት» የሚባለው ለኋላ ተብሎ የተከማቸ ስንቅ ነው። «ገሬት» መሣሪያ ነው። «ኡንራት» ቆሻሻና ጥራጊ ነው፤ በቀጥታ ቢፈታ ለኑሮ የማይረባ፣ ከተሰናዳው ውጭ የሆነ እንደ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን «ሃይራት» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጕሙም ጋብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ቤተ ሰብን የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍል ያው «ራት» ነው። ጋብቻ ማለት ቤትን ማሰናዳት ማለት ነበረ። ስለዚህ በጀርመንኛ የጋብቻ ስምና የቤት ዕቃ ስም በአንድ ግንድ ላይ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

ይህን ዝምድና ሕዝቡ በኑሮው ያውቀው ነበር። በኑረምበርግ ከተማ ጫማ ሰፊና ባለቅኔ የነበረው ሃንስ ዛክስ በ1544 ለአንድ ቤት የሚያስፈልጉትን 300 ያህል ዕቃዎች የሚዘረዝር ግጥም ደርሷል። የግጥሙም ጭብጥ ሊያገባ የሚያስብ ጐልማሳ ምን ያህል ነገር እንደሚጠብቀው ማስጠንቀቅ ነው። ማርቲን ሉተርም የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 31 ሲተረጕም፣ ላባ የያዕቆብን ጓዝ በበረበረበት ስፍራ ላይ «ሃውስራት» የሚለውን ቃል አግብቷል። በዚያ ታሪክ የቤቱ ዕቃ በግመል ላይ ተጭኖ በመንገድ ላይ ያለ ነው፤ ጠቡም ይህ ዕቃ ከማን ጋር ሊሄድ ይገባዋል የሚል ነው። ከዚህ በታች የምናየው የሕግ ታሪክ ሁሉ በዚህ አንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚዞር ነው።

ሐ፤ ጋዳሚ ሀብትና ተጓዥ ሀብት

የጀርመኖች የቀድሞ ሕግ ሀብትን በሁለት ይከፍላል። መሬትና በመሬት ላይ የጸናው ነገር ካለበት ስለማይነሣ፣ ስሙ «መጋደም» ከሚለው ግሥ ወጥቶ «ሊገንሻፍት» ተባለ። የቀረው ሁሉ፣ ከብቱም፣ መሣሪያውም፣ ልብሱም፣ ሣጥኑም፣ «መጓዝ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ «ፋረንደ ሃበ»፣ ማለት ተጓዥ ሀብት፣ ተባለ። ከአማርኛ ቃሎች ለዚህ የሚቀርበው «ጓዝ» የሚለው ነው፤ ጓዝ ሰው ሲነሣ አብሮት የሚነሣ ነውና። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ፋርኒስ» የሚለው ቃል በ1907 ወጥቶ ከ1912 ጀምሮ በሚሠራበት በስዊስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ሁለቱን ለመለየት ሕዝቡ በቀላሉ የሚያዝ ምሳሌያዊ ደንብ ነበረው፤ ችቦ የሚበላው ሁሉ ተጓዥ ሀብት ነው ይባል ነበር። በእንጨት የተሠራ ቤት ይቃጠላል፤ ደግሞም ተፈትቶ በሌላ ስፍራ ሊቆም ይችላል። ከዚህም የተነሣ በብዙ የጀርመን አገሮች ከእንጨት የተሠራው ቤት ራሱ ከጓዝ ይቈጠር ነበር። ለዛሬ ሰው ቤት የማይንቀሳቀስ ነገር ዋና ምሳሌ ሲሆን፣ ለዚያ ዘመን ገበሬ ግን የማይነሣው መሬቱ ብቻ ነበረ።

የባላባቶችና የነገሥታት ኑሮም እንዲሁ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የጀርመን ነገሥታት አንድ የጸና መናገሻ ከተማ አልነበራቸውም፤ አኸንን፣ ኢንገልሃይምን፣ ጎስላርን በመሳሰሉት ቤተ መንግሥቶች እየተዘዋወሩ ይፈርዱና ይገዙ ነበር። ከእነርሱም ጋር ሣጥኑ፣ ተጣጣፊው ወንበር፣ አልጋ ልብሱና የግድግዳው መጋረጃ ይጓዝ ነበር። የዚያ ዘመን ዋና የቤት ዕቃ ሣጥን መሆኑም በዚህ ምክንያት ነው። ሣጥን በአንድ ጊዜ ግምጃ ቤት፣ መቀመጫና የመንገድ ጭነት ሊሆን ይችላል፤ ቁም ሣጥን ግን ይህን ሁሉ ሊሆን አይችልም።

ተጓዡ ሀብት ከማን ጋር ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ ግልጽ የሆነ መልስ የሚሰጠው «ዛክሰንሽፒገል»፣ ማለት የሳክሶኖች መስታወት፣ የተባለው የሕግ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ከ1220 እስከ 1235 ባለው ጊዜ ውስጥ የጻፈው አይከ ፎን ሬፕጎ ነው። አስቀድሞ በላቲን፣ ቀጥሎም ሆየር ፎን ፋልከንሽታይን በሚባለው መስፍን ልመና በአገሩ ጀርመንኛ ጽፎታል። በዚህ ሕግ መሠረት ባለ መሣሪያ የሆነ ሰው ሲሞት ጓዙ እንደ አንድ ክምር ተቈጥሮ ለአንድ ወራሽ አይሰጥም፤ እንደየዓይነቱ ይለያል እንጂ።

አንደኛው ክፍል «ሄርገቬተ»፣ ማለት የዘመቻ ትጥቅ፣ ይባላል። ይህም የሟቹ ሰይፍ፣ ኮርቻ የተጫነ ምርጥ ፈረስ፣ ጥሩርና ድንኳን ነው። ከዚህም ጋር ለአንድ ሰው የሚበቃ መኝታ፣ ትራስ፣ አንሶላ፣ የገበታ ልብስ፣ ሁለት መታጠቢያ ሳሕንና ፎጣ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ለወንዱ ወራሽ ይሰጣል። ጦረኛው ይዞት የሚዘምተው አልጋና ገበታ ከሰይፉ ጋር ተቈጥሮ ከሰይፉ ጋር ይወረሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ክፍል «ገራደ» ይባላል፤ ይህም የሴት ድርሻ ነው። በጎችና ዝይዎች፣ ጐበጥ ያለ ክዳን ያላቸው ሣጥኖች፣ ፈትልና ተልባ፣ አልጋዎች፣ ትራሶች፣ አንሶላዎች፣ የገበታ ልብሶች፣ ሳሕኖች፣ መቅረዞች፣ የሴት ልብስና ጌጥ፣ ወንበሮችና መሳቢያዎች፣ ምንጣፎች፣ የአልጋና የግድግዳ መጋረጃዎች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። መዝሙረ ዳዊትና ሴቶች ያነቧቸው የነበሩ የጸሎት መጻሕፍትም ከዚሁ ይቈጠራሉ። ባል ሲሞት ይህ ሁሉ ለሚስቱ ይቀራል፤ እርሷ ስትሞት ደግሞ በእናቷ ወገን ለምትቀርባት ሴት ዘመድ ያልፋል። ከዚህም ሌላ ወራሹ እስከ 30ኛው ቀን ድረስ መበለቲቱን ከቤት ሊያስወጣት አይችልም፤ ያን ጊዜም በቤቱ ከተከማቸው ምግብ እኩሌታው የእርሷ ነው።

ይህን ዝርዝር በዛሬው ቋንቋ ብናነበው፣ ሜበል ከሚባለው ነገር አብዛኛው የሴት ሀብት ሆኖ እናገኘዋለን። መሬቱና ጦር መሣሪያው በወንዶች መስመር ይሄዳል፤ መቀመጫው፣ ሣጥኑ፣ አልጋውና መጋረጃው በሴቶች መስመር ይሄዳል። ስለዚህ ሕጉ ሥዕል ብቻ አይደለም። ባሏ ለሞተባት ሴት፣ በባልዋ ወንድም ቤት እንግዳ ሆና ከመቀመጥና አልጋዋንና ሣጥኗን ይዛ ከመውጣት መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስን ነበር። የሳክሶኖች መስታወት በአንዳንድ የጀርመን አገሮች፣ በተለይም በአንሃልትና በቱሪንገን፣ የጋራው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1900 እስኪጸና ድረስ እንደ ሕግ ሲጠቀስ ኖሯል።

መ፤ የላቲኑ ቃል በፈረንሳይ በኩል እንደ መጣ

«ሜበል» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው። «ሞቬሬ» ማንቀሳቀስ ነው፤ ከእርሱ የወጣው «ሞቢሊስ» የሚንቀሳቀስ ማለት ነው። የሮማውያን ሕግ ዐዋቂዎች ሀብትን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብለው ይከፍሉ ነበር። ዳሩ ግን ሮማውያን የቤት ዕቃን በዚህ ስም አልጠሩትም፤ ለቤት ዕቃ የነበራቸው ስም «ሱፔሌክስ» የሚል ነበር። በ533 በንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ትእዛዝ በወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ በኑዛዜ ስለ ተሰጠ የቤት ዕቃ የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ ርእሱም ይህንኑ ስም የያዘ ነው።

የሕጉ ቃል የዕቃው ስም የሆነው ከላቲን በተወለዱት ቋንቋዎች ነው። በፈረንሳይኛ «መብል»፣ በጣሊያንኛ «ሞቢሌ»፣ በእስፓንኛ «ሙዌብሌ» ተባለ። ፈረንሳይኛው እስከ ዛሬ ሁለቱንም ትርጓሜ ይዞ ይኖራል። ለሕግ ሰው «መብል» የሚንቀሳቀስ ሀብት ሁሉ ነው፤ ለቤት እመቤት ደግሞ ወንበርና ጠረጴዛ ነው። ተቃራኒው «ኢመብል» ለሕግ ሰው የማይንቀሳቀስ ሀብት ሲሆን፣ ለመንገደኛው ትልቅ ሕንጻ ነው። በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሀብት ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ለቤት መገልገያና ማጌጫ የተመደቡትን ዕቃዎች ለይቶ የሚያስረዳ አንቀጽ ማስገባት ግድ ሆኖበታል፤ አንዱ ቃል ሁለት ነገር በመሸከሙ ምክንያት ጠብ እንዳይነሣ ነው።

ቃሉ ወደ ጀርመንኛ የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ1618 እስከ 1648 የተደረገው የሠላሳው ዓመት ጦርነት የጀርመንን አገሮች ካደከመ በኋላ፣ መሳፍንቱ ልብሳቸውን፣ ቋንቋቸውንና የአዳራሻቸውን ሥርዐት ከፈረንሳይ ንጉሥ ከሉዊ 14ኛ ግቢ መቅዳት ያዙ። በ1685 ሉዊ ለፕሮቴስታንቶች የተሰጠውን የሃይማኖት ነጻነት ሲሽር፣ በዚያው ዓመት የብራንደንቡርግ መስፍን ስደተኞቹን በአዋጅ ተቀበለ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ የእጅ ጥበብ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ዘመን ከ«መብል» ጋር የዕቃ ስሞች ተከታትለው ገቡ። ባለ መሳቢያው «ኮሞደ» ስሙ ምቹ ማለት ነው፤ እኛ ከጣሊያንኛ የተቀበልነው «ኮሞዲኖ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። «ሶፋ» ደግሞ ከዐረብኛ ተነሥቶ በአውሮጳ ዞሮ ጀርመንን ያገኘ ነው።

ቃሉ በመጀመሪያ በፈረንሳይኛው አጻጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም በብዙ ቍጥር ይጻፍ ነበር፤ ይህ አጻጻፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ ይገኛል። በኋላ ግን ድምፁም ፊደሉም ጀርመናዊ ሆነ፤ «ሜብሊረን»፣ ማለት ቤትን በዕቃ ማሰናዳት፣ የሚል ግሥም ተከተለው። በትልልቆቹ ከተሞች ዕቃ ያለበትን ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውን ወንደ ላጤ ሕዝቡ «ሜብሊርተር ሄር» ይለው ጀመር፤ በቀጥታ ቢፈታ «ዕቃ የገባለት ጌታ» ማለት ስለ ሆነ፣ ሰውየውን ከዕቃው የሚያስቈጥር አነጋገር ነው። ወንበሩም አልጋውም የእርሱ አይደለም፤ እርሱ ይሄዳል፣ ዕቃው ይቀራል። የቃሉ ትርጓሜ በዚህ ሰው ላይ ተገለበጠ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ «ሜበል» የገባው ባዶ ስፍራ ላይ አይደለም። «ተጓዥ ሀብት» የሚለው የአገሩ ቃልና «የሚንቀሳቀስ» የሚለው የላቲን ቃል አንዱን አሳብ በሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጀርመንኛው ቃል የሕግ ሰዎች ቃል ሆኖ ቀረ፤ ከፈረንሳይ የመጣው ግን የሕግ ልብሱን አውልቆ የሱቅና የአዳራሽ ቃል ሆነ። ዛሬ «ሜበል» የሚል ጀርመናዊ ስለ መንቀሳቀስ የሚናገር አይመስለውም። የማይንቀሳቀሰውን ሀብት «ኢሞቢልየን» ሲል ግን የዚያውኑ ቃል ተቃራኒ መናገሩ ነው።

ሠ፤ ስሙ ሲንቀሳቀስ ዕቃው እንደ ቆመ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጀርመኖች የቤታቸውን ዕቃ «የሚንቀሳቀስ» ብለው መጥራት በጀመሩበት ዘመን ዕቃው ራሱ መንቀሳቀስ እየተወ ነበር። የቀድሞው ዋና ዕቃ ሣጥኑ በጐኑ እጀታ ያለው፣ በሁለት ሰው የሚነሣ ነው። ከ15ኛውና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን ስፍራውን ለ«ሽራንክ»፣ ማለት ለቁም ሣጥን፣ ለቀቀ። «ሽራንክ» ጥንት አጥር፣ መከለያ ማለት ነበረ፤ ስሙ ራሱ መቆምን እንጂ መሄድን አይናገርም። በ1700 ገደማ በሐምቡርግና በፍራንክፉርት ሀብታም ነጋዴዎች ቤት የሚቆሙት ቁም ሣጥኖች በር የሚያህሉ መዝጊያዎች ያሏቸው፣ የባለቤቱን ክብር የሚያሳዩ ታላላቅ ሥራዎች ነበሩ።

ነገር ግን እነዚህ እንኳ ፈጽመው አልጸኑም። ብዙዎቹ በሽብልቅ የተያያዙ ስለ ነበሩ፣ ሽብልቁ ሲወጣ ጐን ከጐን ተለያይተው በደረጃ ሊወርዱና በሠረገላ ሊጫኑ ይችሉ ነበር። ምክንያቱም ዕቃው አሁንም ከሰው ጋር የሚሄድበት ቀን ነበረው፤ ይኸውም የሠርግ ቀን ነው። በላይኛው ባየርን ገበሬዎች ዘንድ «ካመርቫገን»፣ ማለት የእልፍኝ ሠረገላ፣ የሚባል ልማድ ነበረ። የሙሽራይቱ አልጋ፣ በቀለም ያጌጠው ቁም ሣጥን፣ የተልባ እግር ጨርቁና የፈትል መንኰራኵሩ በሠረገላ ላይ ለሕዝብ እንዲታይ ተጭኖ ወደ ሙሽራው ቤት ይወሰድ ነበር። በቁም ሣጥኑ ላይ ስምና ዓመት የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ዛሬ በቤተ መዘክር ቆሞ ስናየው ጌጥ ይመስለናል፤ በዘመኑ ግን ሴቲቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው ድርሻ ምስክር ነበረ። በ1900 የጸናው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ ስታገባ አባትዋ ለቤቷ የሚሆን ተመጣጣኝ ዕቃ እንዲሰጣት ያስገድድ ነበር። ይህ አንቀጽ የቀረው በ1957 በወጣውና ከ1958 ጀምሮ በጸናው የወንድና የሴት እኩልነት ሕግ ነው።

ስሙና ዕቃው እንደገና የተገናኙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በራይን ወንዝ ዳር በቦፓርድ በ1796 የተወለደው አናጢ ሚካኤል ቶኔት በ1842 ወደ ቪየና ተሻግሮ እንጨትን በእንፋሎት አለዝቦ የማጕበጥን ሥራ አስፋፋ። በ1859 ያወጣው 14ኛ ቍጥር ወንበር ከ6 የእንጨት ክፍሎች፣ ከ10 ብሎኖችና ከ2 ዳዶዎች ብቻ የተሠራ ነው። ያልተገጣጠሙ 36 ወንበሮች ስፋቱ አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይገቡ ስለ ነበር በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ተላኩ። ከዚህ በኋላ ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ገና ባለቤት ሳያገኝ የሚጓዝ ሸቀጥ ሆነ።

ረ፤ ዕቃው ያለ ባለቤቱ የሄደበት ዘመን

እስከዚህ ያየነው ጕዞ ሁሉ ሕግ ወይም ልማድ ወይም ንግድ ያለበት ጕዞ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ቃሉ ሌላ ነገር ላይ ዋለ፤ የዚህን ቃል ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊያልፈው አይገባውም።

የናዚ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከጀርመን የወጡት አይሁድ የቤታቸውን ዕቃ በትልልቅ ሣጥን አሳሽገው ወደ ወደብ ይልኩ ነበር። በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ብዙው በሐምቡርግና በብሬመን ወደቦች ቀረ፤ በኋላም በመንግሥት ተወርሶ ለሕዝብ በሐራጅ ተሸጠ። በኅዳር 1941 የወጣ ደንብ ደግሞ ከአገሩ ድንበር የወጣ አይሁዳዊ፣ በግድ ተግዞ የተወሰደውም ጭምር፣ ሀብቱ ለመንግሥት እንዲሆን ደነገገ። ሰዎቹ ወደ ሞት ሲወሰዱ ጠረጴዛቸውና አልጋቸው ለጎረቤቶቻቸው ተሸጠ።

ከጀርመን ውጭም እንዲሁ ሆነ። በአልፍሬድ ሮዘንበርግ ሥር የነበረው መሥሪያ ቤት ከ1942 እስከ 1944 በፈረንሳይ፣ በቤልጅግና በሆላንድ የተሰደዱትንና የተጋዙትን አይሁድ ቤቶች ባዶ አደረገ። ሥራው በመንግሥት መዝገብ «ሜበል አክስዮን»፣ ማለት የሜበል ዘመቻ፣ ተባለ። በ1944 በቀረበው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሒሳብ መሠረት 70,000 ያህል ቤቶች ተወርሰው፣ ዕቃው ከ26,000 በሚበልጡ የባቡር ፉርጎዎች ተጭኖ ሄደ፤ አብዛኛውም በአየር ድብደባ ቤታቸው ለጠፋባቸው ጀርመኖች ታደለ። በፓሪስ ሌቪታን የተባለው የቤት ዕቃ መደብር ከ1943 እስከ 1944 እስር ቤት ሆኖ ነበር። በዚያ የታሰሩ አይሁድ በየቀኑ የሚመጣውን የወገኖቻቸውን ዕቃ ይለዩ፣ ይጠግኑና ያሽጉ ነበር፤ የራሳቸውን ቤት ዕቃ ያገኙበትም ጊዜ አለ።

ቃሉ በደል የለበትም፤ «የሚንቀሳቀስ» ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን የቀድሞው ሕግ ይህን ስም ሲያወጣ ሁልጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ ያስከትል ነበር፤ ከማን ጋር ይሄዳል? ገራደ ከሴቲቱ ጋር፣ ሄርገቬተ ከጦረኛው ልጅ ጋር፣ የእልፍኙ ሠረገላ ከሙሽራይቱ ጋር ይሄዳል። በ1942 ግን የመጀመሪያው ቃል ቀርቶ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ጠፋ። የማይንቀሳቀሰውን የሚጠብቀው ቦታው ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን የሚጠብቀው ሕግ ብቻ ነው። ሕጉ ሲፈርስ አስቀድሞ የሚሄደው አልጋና ወንበር ነው።

ሰ፤ መደምደሚያ

ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመን ሕግ ኪሣራን ለመካስ ሲነሣ የመረጠው ስም የጥንቱን ነው። በ1952 የወጣው የሸክም ማካፈያ ሕግ በአየር ድብደባ ወይም በስደት የቤት ዕቃቸው ለጠፋባቸው ሰዎች «የሃውስራት ካሣ» ወሰነ። በ1957 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከአይሁድ ቤቶች ተወስዶ ወደ ጀርመን ለገባው ዕቃ ካሣ የሚከፈልበትን መንገድ ከፈተ። ባልና ሚስት ሲፋቱ የቤቱን ዕቃ የሚያካፍለው ደንብም እስከ 2009 ድረስ «ሃውስራት» የሚለውን ስም ይዞ ኖረ። ሰው በሚገዛበት ጊዜ ሜበል ያለውን፣ ባጣው ጊዜ ሃውስራት ይለዋል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም፤ የጠፋበት እንጨትና ብሎን ሳይሆን ቤትን ለማቆም የተደረገው አሳብና መሰናዶ ነውና።

ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በአዋጅ የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው ሊቅ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ንብረትን ሁሉ የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍላል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ በውል ላይ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ብሎ ሲፈርምና ጀርመናዊ «ሜበል» ገዝቶ ሲገባ፣ አንዱ በትርጕም፣ ሁለተኛው በድምፅ፣ ከአንድ የላቲን ቃል እየቀዱ ነው። እኛ ለቤታችን «ዕቃ»፣ ለመንገዳችን «ጓዝ» የሚሉ ሁለት ስሞች ስላሉን፣ ሁለቱን አሳቦች ለይተን ማየት አይቸግረንም። አንድ ነገር ቤት ተቀምጦ ዕቃ፣ ተጭኖ ጓዝ ይሆናል። የጀርመንኛው ቃል ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው፤ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን ጓዝ ሊሆን ይችላልና፣ የአንድን ሕዝብ የቤት ዕቃ የሚያጠና ሰው ቅርጹንና ጌጡን ከመዘገበ በኋላ፣ ባለቤቱ የተነሣ ቀን ከማን ጋር ይሄድ እንደ ነበር ጠይቆ መመዝገብ ይገባዋል።